ጉዳዩ፦ «በዓመት ሁለት ጊዜ ያብባል» ተብሎ ስለተሸጠልን አይሪስ

ለአበባ ችግኝ አቅራቢው ድርጅት፣ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከእናንተ የአይሪስ ሥር ገዝቼ ነበር። የተወሰነውን ደሴ፣ ግቢዬ ውስጥ ተከልኩት። የቀረውን ኮምቦልቻ ለምትኖረው እህቴ ሰጠኋት። ማሸጊያው ላይ ደመቅ ብሎ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም ያብባል። ለማንኛውም የአየር ንብረት ተስማሚ።» በቴሌግራም ገጻችሁም የተለጠፈው ያው ነው። ዋጋው ከሌላው አይሪስ እጥፍ ነበር። ያን ያህል የከፈልኩት ሁለቴ ያብባል ስለተባልኩ ነው። እናቴ አበባ ነፍሷ ነው። ለእንቁጣጣሽ ከአደዩ ጋር ደጇ ላይ ነጭ አይሪስ እንድታይ ፈልጌ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። ደሴ ያለው በመጋቢት አበበ። አበባው ውብ ነው፤ ይህን አልክድም። ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ አይቶታል። ከዚያ በኋላ ግን ቅጠል ብቻ ሆነ። መስከረም መጣ፣ ሄደ፣ ምንም የለም። በተከታዩ ዓመትም ያው ነው። የኮምቦልቻው ደግሞ ጭራሽ አላበበም። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለውም። ክረምቱ ሲከብድ ከሥሮቹ ግማሾቹ ለሰለሱ፣ ሸተቱ፣ በዚያው ጠፉ።

ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ውሃ አሳንሳችሁበት ይሆናል፣ ዩሪያ ጨምሩበት» የሚል ነው። እህቴም ደውላ የተነገራት ይኸው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አበባው መቅረቱ ብቻ አይደለም። ጥፋቱን ወደ ገዢው የሚገፋው መልሳችሁ ነው።

አይሪስ እንዴት እንደሚያብብ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ ቅሬታዬ አይገባችሁም። አይሪስ እንደ ዝንጅብል ያለ፣ አፈሩ ላይ የሚጋደም ወፍራም ሥር አለው። አንዱ ሥር በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በጎንና በጎኑ ልጅ ያወጣል። ቀጣዩን አበባ የሚሰጡት ልጆቹ ናቸው። ተራው አይሪስ ልጆቹን ቀስ ብሎ ያሳድጋል። ቢደርሱም እንኳ የቅዝቃዜ ወቅት ካላለፈባቸው አበባ አይጀምሩም። ሁለቴ የሚያብበው ዝርያ ግን ልጆቹ በዚያው ዓመት ቶሎ ይደርሱለታል። አበባ ለመጀመርም ያን ያህል ብርድ አይጠብቁም። ይህ በዘር የሚወረስ ባሕርይ ነው። እንክብካቤ ያግዘዋል፤ ከሌለበት ግን አያመጣውም። ዘረመሉ የሌለውን አይሪስ ቀን ከሌት ብትንከባከቡት መስከረም ላይ አያብብላችሁም።

ዘረመሉ ያለውም ቢሆን በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት አይሆንም። ሎይድ ዙርብሪግ የተባለ አዳቃይ ያወጣው «ኢሞርታሊቲ» የሚባል ነጭ አይሪስ አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ስሙ የገነነው ብርድ በሚበረታባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ሳይቀር በመጸው ደግሞ ስለሚያብብ ነው። በአንጻሩ ለዘብ ባለው የካሊፎርኒያ አየር ሁለቴ የሚያብቡ ብዙ ዝርያዎች ወደ ቀዝቃዛ አካባቢ ሲወሰዱ አንዴ ብቻ ያብባሉ። ልጆቹ ሳይደርሱ ብርዱ ይቀድማቸዋል፣ ወይም እንቡጡን ውርጭ ይመታዋል። ከመጠን ያለፈ ሙቀትም ያደናቅፋል፤ ተክሉ እድገቱን አቁሞ ዝም ይላል። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ የአይሪስ ወዳጆች አንድ ዝርያ ሁለቴ ያብባል ሲባሉ «የት?» ብለው የሚጠይቁት። የትኛው ዝርያ የት አካባቢ እንደገና እንዳበበ በየጊዜው ይመዘግባሉ።

እኛም ያንኑ ጥያቄ ነው የምንጠይቃችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ደሴ የለበሰውን ጃኬት ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። ከኅዳር እስከ ጥር የደሴ ሌሊት ይበርዳል። የእኔ አይሪስ መጋቢት ላይ ያበበው ያ ብርድ ስለደረሰው ይመስለኛል። ይህ ደግሞ የተራ አይሪስ ጠባይ ነው። የእህቴ ያላበበውም በዚያው ምክንያት፣ ብርዱ ስላነሰው ይመስለኛል። የሸጣችሁልን ዝርያ በእርግጥ ብርድ የማይጠብቅ ቢሆን ኖሮ ኮምቦልቻም አንዴ ሊያብብ ይገባው ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን «መጋቢትና መስከረም» የሚለው ነው። ይህ ከውጭ ማሸጊያ የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል። በሰሜኑ ዓለም አይሪስ በፀደይ ያብባል፤ ሁለቴ የሚያብበው ደግሞ በመጸው ይደግማል። በመካከል ያለው የእነሱ በጋ ነው። ቀኑ ረጅም፣ ፀሐዩ ሙሉ ነው። ልጆቹ የሚያድጉት ያኔ ነው። የእኛ መስከረምስ ከምን በኋላ ነው የሚመጣው? ከሐምሌና ከነሐሴ በኋላ ነዋ! ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ የሚውልበት፣ አፈሩ ውሃ ጠግቦ የሚተኛበት ጊዜ ነው። አይሪስ ፀሐይ ወዳድ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ባክቴሪያ ይገባውና ይበሰብሳል። እህቴ ያየችው መለስለስና ሽታ የዚሁ ምልክት ነው። በዚህ ላይ ዩሪያ ጨምሩ አላችሁን። ዩሪያ ናይትሮጂን የሚሰጥ ማዳበሪያ ነው፤ ናይትሮጂን የበዛበት አይሪስ ደግሞ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ያንሳል፣ ለመበስበስም ይጋለጣል። እህቴ የታዘዘችውን አደረገች። ጉዳቱ የእሷ ሆነ።

ሌላም አለ። ሰሞኑን በገጻችሁ «ሁለቴ ከሚያብበው አይሪስ የተለቀመ ዘር» እየሸጣችሁ ነው። እባካችሁ ይህን አቁሙ። አንድ የአይሪስ ዝርያ እንዳለ ሆኖ የሚባዛው ሥሩን በመክፈል እንጂ በዘር አይደለም። ከዘር የበቀለ ሌላ ተክል ነው፤ ቀለሙም ቁመቱም ሊለይ ይችላል። ሁለቴ የማበብ ባሕርይ ደግሞ በረጃጅሞቹ አይሪሶች ብዙውን ጊዜ ተደብቆ የሚያልፍ ነው። በአንድ ዘረመል ብቻ የሚወሰንም አይመስልም። በአንድ ብቻ ይወሰናል ብንል እንኳ ሒሳቡ ከባድ ነው። እነዚህ አይሪሶች ከእያንዳንዱ ዘረመል አራት ቅጂ አላቸው። የተደበቀው ባሕርይ እንዲታይ አራቱም መገጣጠም አለባቸው። ሁለት ሁለቱን ብቻ የያዙ ወላጆች ቢዳቀሉ፣ ባሕርዩ የሚታየው በአማካይ ከ36 ችግኝ በአንዱ ነው። ሁለቱም ወላጆች ሁለቴ የሚያብቡ ሲሆኑ ዕድሉ ይጨምራል። ነገር ግን ሜዳ ላይ ከተለቀመ ዘር አባቱን ማን ያውቃል? ንብ ያመጣው ነው። ያን ዘር የገዛ ሰው አበባ ለማየት ብቻ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ልፋት በሐሰት ተስፋ መሆን የለበትም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ ነገር የዝርያውን ስም ንገሩኝ። ማሸጊያው ላይ «ነጭ አይሪስ» ከማለት በቀር ስም የለም። የአይሪስ ዝርያ ስም በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመዘገበው በአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ነው። ስሙ ከታወቀ ሁለቴ ያብባል ተብሎ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ማንም ማየት ይችላል። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ያብባል ብላችሁ መሸጥ አልነበረባችሁም። ከዚያ ለእኔ ከተራው አይሪስ ዋጋ በላይ የከፈልኩትን ልዩነት መልሱልኝ። ለእህቴ ግን ሙሉውን መልሱላት። የእሷ አላበበም፤ በምክራችሁም ተጎድቷል። ደረሰኙን፣ የማሸጊያውን ፎቶና የበሰበሰውን ሥር ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ማሸጊያውንም አስተካክሉ። «ለማንኛውም የአየር ንብረት» የሚለው ይውጣ። በየትኛው ከተማ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ በየትኛው ወር አብቦ እንዳያችሁት ጻፉ። ያላያችሁትን አትጻፉ። አዲስ አበባ ያለው መደብራችሁ ውስጥ ሁለቴ አብቦ ከሆነ እሱን ጻፉ፤ እኔም ደሴ ከፍታዋ ለአዲስ አበባ ይቀርባል ብዬ ዕድሌን ልሞክር እችላለሁ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ግን አስቦ ይገዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ችግኝም ዕቃ ነው።

አበባ የሚተክል ሰው በከተማችን እየበዛ ነው፤ ደስ ይላል። ብዙዎቹ ከእናንተ ነው የሚገዙት። እኔም ሥራችሁ እንዲዘጋ አልፈልግም። ደሴ ድረስ አበባ የምታደርሱ ጥቂቶች ናችሁ፤ የላካችሁትም ሥር ጤነኛ ነበር።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እጠብቃለሁ። በስልክ የሚሰጠኝን መልስ አልቀበልም። እስከዚያ ካልመለሳችሁልኝ አቤቱታዬን ይህንኑ ደብዳቤ አያይዤ ለንግድ ቢሮ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደሴ
ጥር 2018 ዓ.ም.