መንጠልጠል የወገብ ሕመም መድኃኒት ተደርጎ መነገሩ ይታረም

ለክቡር ዋና አዘጋጅ፤

በአዲስ አበባ የሕዝብ መናፈሻዎችና በኮሪደር ልማቱ በተሠሩ የእግረኛ መንገዶች አካባቢ የስፖርት መሥሪያ ብረቶች መተከላቸው፣ ማለዳ ወጥቶ ሰውነቱን የሚያፍታታው ሰው እንዲበዛ ማድረጉን በዓይናችን የምናየው ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው የሚገባ ነገር አይደለም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከብረቶቹ ጋር አብሮ የተስፋፋው ምክር ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ከፍ ባለ አግዳሚ ብረት ላይ ቢንጠለጠል አከርካሪው ተስቦ፣ «የተንሸራተተው ዲስክ» ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሚድን በአንዳንድ የጂም አሰልጣኞች፣ በቲክቶክ ቪዲዮዎች፣ አልፎ አልፎም በመገናኛ ብዙኃን የጤና ዝግጅቶች ጭምር ይነገራል። በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ፣ ይህን ምክር ተቀብለው ከተንጠለጠሉ በኋላ የታችኛው ወገባቸውን ወይም ጭራ አጥንታቸውን እያመማቸው የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ብዙዎቹም ሕመሙ ሲጀምራቸው «አይዞህ፣ በሽታው ሲወጣ ነው» ስለተባሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀጥለውበታል። መንጠልጠል ጤነኛ ሰው የእጁን የመጨበጥ ኃይልና ትከሻውን ለማጠንከር የሚሠራው ስፖርት ነው፤ የወገብ ሕክምና አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚሰማ ሕመምም የመዳን ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ምክሩ ጨርሶ መነሻ የሌለው እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት 23 ዲስኮች ውኃ አዘል በመሆናቸው፣ ቀን ቆመንና ተቀምጠን ስንውል በክብደታችን እየተጨመቁ ይሳሳሉ፤ ሌሊት ስንተኛ ደግሞ ውኃውን መልሰው ይስባሉ። ሰው ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ከማታው ቁመቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በሚበልጥ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። በመንጠልጠል ቁመት ይጨምራል የሚለው፣ በተለይ በወጣቶች ዘንድ የተወደደው እምነትም ከዚህ የዘለለ መሠረት የለውም፤ በጉተታ የተገኘችው ርዝመት ሰውየው በእግሩ ቆሞ መሥራት ሲጀምር ተመልሳ ትሄዳለች። አከርካሪን መጎተት ራሱ ከሁለት ሺሕ ዓመታት በፊት በግሪካዊው ሂፖክራተስ ስም በቆዩት ጽሑፎች ላይ የተገለጸ አሮጌ ዘዴ ሲሆን፣ በዘመናችንም በመሣሪያ እየታገዘ በየሕክምና ተቋሙ ሲሠራበት ኖሯል።

ዘዴው ተመርምሮ የተገኘው ውጤት ግን ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ከ2,700 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 32 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ፣ ወገብን መጎተት በሕመሙ መጠንም ሆነ በሰውየው የመንቀሳቀስ አቅም ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ደምድሟል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ፣ ጉተታ ለሕክምና እንዳይሰጥ መክረዋል። እነዚህ ጥናቶች በሕክምና አልጋ ላይ በተደረገ ጉተታ ላይ እንጂ በብረት ላይ በመንጠልጠል ላይ አልተሠሩም የሚል ሰው ቢነሣ ተቃውሞው ልክ ነው። ሆኖም በሽተኛው ተጋድሞ፣ ጡንቻው ላልቶ፣ የጉተታው ኃይል ተለክቶ ያልተገኘ ጥቅም፣ ሰውየው በጣቶቹ ተንጠልጥሎ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ለእኔ የሚያሳምን አይደለም። አከርካሪ መርዘሙ ብቻውን ፈውስ ቢሆን ኖሮ፣ የመሬት ስበት በማይሰማበት ሕዋ ውስጥ ቁመታቸው እስከ 3 በመቶ የሚጨምረው ጠፈርተኞች ከሁሉ ሰው የተሻለ ወገብ በኖራቸው ነበር። በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የወገብ ሕመም ይሰማቸዋል።

ሰው ሲንጠለጠል ወገቡ ለምን ሊያመው እንደሚችል ለመረዳት ክንድና ወገብ እንዴት እንደተያያዙ ማየት ያስፈልጋል። ከላይኛው የክንድ አጥንት ተነሥቶ በብብት ሥር አልፎ በጀርባ ላይ የሚዘረጋ አንድ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ የታችኛው ጫፉ በወገብና በዳሌ አጥንት ላይ የተጣበቀ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ ወይም መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ይህ ጡንቻው ይጠብቃል፤ እጆቹን ወደ ላይ ሲዘረጋ ጡንቻው እስከ መጨረሻው ስለማይለጠጥ የጎደለውን ከወገቡ ይወስዳል፣ ማለትም ወገቡ ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ ይሰረጉድና የጎድን አጥንቶቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በዚህ አቋም በአከርካሪው የኋላ በኩል ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች እርስ በርስ ይጫናሉ። እንግዲህ ተንጠልጣዩ ወገቤን እየሳብኩት ነው ብሎ ሲያስብ፣ በኋላ በኩል እየጫነው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀድሞውኑ ሕመም ያለበት ወገብ ሲሆን ደግሞ ጡንቻዎቹ ራሳቸውን ለመከላከል ይኮማተራሉ፤ የተኮማተረ ጡንቻም ጉተታውን ይቃወመዋል።

ነገሩ የሚብሰው ተንጠልጥሎ እግርን ማንሣት ሲጨመርበት ነው። ይህ እንቅስቃሴ የሆድ ስፖርት ተብሎ ቢታወቅም፣ እግርን ወደ ላይ በማንሣት ረገድ ዋናውን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ሶአስ የተባለው ጡንቻ ነው። ሶአስ በቀጥታ ከወገብ አጥንቶች ጎን ተነሥቶ በብሽሽት በኩል ወርዶ ጭን አጥንት ላይ ይጣበቃል። የሆድ ጡንቻው ያልጠነከረ ሰው ሁለት እግሮቹን ዘርግቶ ሲያነሣ ወይም እየተወዛወዘ ሲወረውራቸው፣ የእግሮቹ ክብደት በሙሉ በዚህ ጡንቻ በኩል የወገብ አጥንቶቹን ወደ ፊት ይጎትታል። ጀማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ይህን እንዲሠሩ የሚያዝዙ አሰልጣኞች መኖራቸው ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ጉልበትን አጥፎ መሬት ላይ ተጋድሞ መጀመር እያለ ከላይ የሚጀመርበት ምክንያት አይታየኝም።

አወራረዱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን ሲያነሣ የምሰማው ሰው ጥቂት ነው። በየመናፈሻው የተተከሉት ብረቶች ብዙዎቹ ለረጅም ሰው የተሠሩ በመሆናቸው፣ አጠር ያለው ሰው ዘሎ ይይዛቸዋል፣ ክንዱ ሲዝልም እጁን ለቅቆ ይወርዳል። ለጥቂት ጊዜ ተለጥጦ የቆየው ወገብ ተረከዝ ከሲሚንቶ ወይም ከንጣፍ ድንጋይ ጋር በተጋጨበት ቅጽበት ሙሉውን የሰውነት ክብደት፣ ከዚያም በላይ በድንገት ይቀበላል። በዝናብ ወራት ብረቱ እርጥብ ሲሆን እጅ ያዳልጣል፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ በመቀመጫው የሚወድቅም አለ። የታመመው ሰው በተንጠለጠለባት ደቂቃ ውስጥ ምን እንደደረሰበት ደጋግሞ ያስባል፤ ወደ መሬት እንዴት እንደወረደ ስጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም።

ጭራ አጥንትን በተመለከተ ትንሽ ዘርዘር ማለት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎች ስለ እርሱ መናገር ያፍራሉ፣ ዘግይተውም ይመጣሉ። ከአከርካሪው መጨረሻ ያለው ይህ አጥንት ከሦስት እስከ አምስት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ትንንሽ አጥንቶች የተያያዙበት ሲሆን፣ የመቀመጫ ትልቁ ጡንቻና ከሥር ሽንትና ሰገራን የሚቆጣጠሩት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይጣበቁበታል። ሕመሙ ዋና መለያው መቀመጥ ነው፤ በተለይ ከመቀመጫ ሲነሡ ይጠዘጥዛል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ አብልጦ የሚታይ ሲሆን፣ በመቀመጫ መውደቅና ወሊድ የታወቁ መነሻዎቹ ናቸው። መንጠልጠል ራሱ በዚህ አጥንት ላይ የሚያሳርፈው ክብደት የለም። ነገር ግን ሰው ሲንጠለጠል ትንፋሹን ይዞ የመቀመጫ ጡንቻዎቹን አጥብቆ ሲያኮማትር፣ እነዚያ ጡንቻዎች አጥንቱን ደጋግመው ይጎትቱታል። ከዚህም በላይ የሚጎዳው ቀጥሎ የሚሠራው ነው፤ አብዛኛው ሰው ከብረቱ ወርዶ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ያለ ምንጣፍ ሲት አፕ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ መነሣትና መተኛትም ጭራ አጥንቱ ከወለሉ ጋር ይፋተጋል። ማታ ሲቀመጥ ሲያመው ግን ተጠያቂ የሚያደርገው መንጠልጠሉን ነው። አንዳንድ ጊዜም ሕመሙ ጭራ አጥንት ላይ ይሰማ እንጂ ምንጩ ከፍ ብሎ ከወገቡ ዲስክ ወይም ከዳሌው መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም የጀመረው ሰው በቅድሚያ መንጠልጠሉንና ሲት አፑን ማቆም አለበት። አልጋ ላይ መዋል ግን አይመከርም፤ በሚችለው መጠን መራመዱና ሥራውን መቀጠሉ ወገብን ቶሎ ይመልሰዋል። ጭራ አጥንቱን የሚያመው ሰው ከኋላ በኩል ቀዳዳ ያለው ትራስ ቢጠቀም፣ ሲቀመጥ ወደ ፊት ዘንበል ቢልና ረጅም ጊዜ ከመቀመጥ ቢቆጠብ ሕመሙ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይለቀዋል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ጭራ አጥንቱን ማሳሸትን እቃወማለሁ፤ ወጌሻን ስለምንቅ አይደለም፤ የተሰነጠቀ አጥንት ካለ መታሸቱ ጉዳቱን ስለሚያባብስ ነው። በሌላ በኩል ወዲያውኑ ኤምአርአይ ለመነሣት መሮጥም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ፣ በ50 ዓመት ደግሞ 60 በመቶ የሚሆኑት በምስል ላይ ወጣ ያለ ዲስክ ታይቶባቸዋል። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት የያዘ ሁሉ ሕመሙ ከዚያው ነው ማለት አይቻልም።

ለቀጠሮ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ ሁለቱም እግሮች መስነፍ ከታዩ ሰውየው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። ሌሊት የሚያልበው፣ ትኩሳት ያለው፣ ክብደቱ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው የወገብ ሕመሙን ከስፖርት ጋር ከማያያዙ በፊት የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን መመርመር አለበት፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነም ብሩሴሎሲስ የተባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ሊታሰብ ይገባል። ከጭራ አጥንቱ በላይ በመቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ ያበጠና መግል የሚያወጣ ነገር ያለው ወጣት ደግሞ ችግሩ የቆዳ እንጂ የአጥንት ላይሆን ስለሚችል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

ጤነኛ ሆኖ መንጠልጠል የሚወድ ሰው እንዲተወው አልመክርም። እግሮቹ መሬቱን ወይም መወጣጫውን ሳይለቁ የክብደቱን ከፊል ብቻ ለእጆቹ ቢሰጥ፣ ጉልበቱን ጥቂት አጥፎና ትንፋሹን እያወጣ የጎድን አጥንቶቹ ወደ ታች እንዲሰበሰቡ ቢያደርግ፣ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ቆይቶ እየረገጠ ቢወርድ ይበቃዋል። ወገቡን እያመመው ያለ ሰው ግን ይህንንም ቢሆን ሳይታይ መጀመር የለበትም።

በጋዜጣችሁ በኩል ሁለት ነገር እንዲደረግ እጠይቃለሁ። የጤና ዓምዶችና የሬዲዮ ዝግጅቶች መንጠልጠልን የዲስክ መድኃኒት አድርገው ከማቅረባቸው በፊት አንድ የአጥንት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያነጋግሩ መልካም ነው፤ ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያሠለጥኗቸው ባለሙያዎች ስላሉ የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው መናፈሻዎቹን ለሚያስተዳድሩ አካላት ነው፦ በየብረቱ ሥር ሰው እየረገጠ የሚወጣበትና የሚወርድበት ዝቅ ያለ መወጣጫ ቢሠራ፣ ወለሉም የጎማ ንጣፍ ቢደረግለት፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ጉዳቶች ብዙውን ያስቀራል፤ ወጪውም ብረቱን ለማስተከል ከወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር፤
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ