ውዱን ሪሲቨር ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን እንይላችሁ

ድሬዳዋ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከእንግዲህ ለትልልቆቹ የቤት ሲኒማ ሪሲቨሮች ቤታችሁን ሳናይ ቀብድ አንቀበልም። ይህ አንዳንዶቻችሁን ቅር እንዳሰኘ እናውቃለን። ብሩን ቆጥሮ ይዞ የመጣ ሰው “መጀመሪያ ሳሎንህን እንየው” ሲባል ደስ አይለውም። ስለዚህ ምክንያታችንን በዝርዝር መንገር አለብን።

ሪሲቨር ስንል የዲሹን አይደለም። ፊልሙን፣ ጌሙንና ዲሹን ተቀብሎ ምስሉን ለቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ትልቁን አምፕሊፋየር ነው። የዴኖን፣ የማራንዝና የያማሃ ከፍተኛ ሞዴሎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለምሳሌ የዴኖን ኤቪሲ-ኤ1ኤች ብቻውን 15 ስፒከር ያንቀሳቅሳል። ክብደቱ 32 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው ሆነን ተሸክመን ነው የምናስገባው።

እነዚህን ዕቃዎች የገዙ ደንበኞቻችንን ቤታቸው ድረስ እየሄድን ጠይቀናል። ያው አንድ ሞዴል ሳቢያን ሰፈር ያለ ቤት ውስጥ ባለቤቱን አስደስቶታል። ከዚራ ሰፈር ያለው ባለቤት ደግሞ ከድሮው ዕቃ ምን እንደሚለይ አልገባኝም አለን። ሁለቱንም ዕቃ ፈተሽናቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ልዩነቱ ያለው ክፍሉ፣ ስፒከሩና መብራቱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ያነሳው ቅሬታ ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ 150 ዋት ይላል፤ የድሮው 100 ነበር፤ ታዲያ ለምን ብዙም አልጮኸም? ጆሮ ዋትን እንደዚያ አይቆጥርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ100 ወደ 150 መሄድ 2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ሁለት ስፒከር ብቻ ሲሠራ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲጮኹ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል።

ስፒከር ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በአንድ ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አለ፤ 90 የሚሰጥም አለ። ያንን በዚህ መቀየር የሪሲቨሩን ጉልበት እጥፍ እንደማድረግ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዶቻችሁን “ሪሲቨሩን ተዉት፣ ስፒከሩን ቀይሩ” ብለን የመለስናችሁ። ትርፋችን ቢቀንስም እውነቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ውዱ ሪሲቨር ምን ይሰጣል? የረኩት ባለቤቶች የነገሩን ነገር ተመሳሳይ ነው። ማታ ልጆች ተኝተው ድምፁ ዝቅ ሲል እንኳ ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ትልቅ ፍንዳታ ሲመጣ ዕቃው አይጨነቅም። ብዙ ስፒከር ይይዛል፤ 4 ኦም የሆነ፣ ብዙ ከረንት የሚስብ ስፒከርም አያስጨንቀውም። ከሁሉም በላይ ግን ክፍሉን በማይክ ለክቶ ድምፁን የማስተካከል አቅሙ ነው። ለዚህ ሥራ ዴኖንና ማራንዝ ኦዲሲ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀማሉ፣ ያማሃ የራሱ ዋይፓኦ አለው፣ ዲራክን የሚጠቀሙም አሉ።

ይቺ ማይክ የዕቃውን ግማሽ ጥቅም ትይዛለች ብንል አላጋነንም። ብዙዎች ግን ከካርቶኑ አውጥተዋት አያውቁም። ሌሎች ሶፋ ላይ ጣል አድርገው ለክተዋል። ማይኳ መቆም ያለባት ሰው ተቀምጦ ጆሮው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ኦዲሲ እስከ 8 ቦታ ድረስ ይለካል፤ በየቦታው ከየስፒከሩ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይለቃል። በዚያች ሰዓት ቬንትሌተር መጥፋት አለበት። ባጃጅም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ እንደገና እንጀምራለን። ስለዚህ ለልኬት ማታ ከመሸ በኋላ የምንመጣው ወደን አይደለም።

መጅሊስ ያላችሁ ደግሞ ይህንን ልብ በሉ። ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ሶፋ ላይ ከተቀመጠው በጣም ዝቅ ይላል። የፊት ስፒከሮቹ ለሶፋ ተብለው ከፍ ካሉ ድምፁ ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ባሉት ባህላዊ ቤቶች ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። ነደባዎቹ (መቀመጫ መደቦቹ) አምስት ናቸው፤ ከፍታቸውም አንድ አይደለም። እዚያ ብዙ ሰው የሚቀመጥበትን ነደባ መርጠን እንለካለን። ግድግዳ አንሰረስርም፤ ስፒከሩን በማቆሚያ ነው የምናቆመው። ምንጣፉና ፍራሹ ማስተጋባቱን ስለሚቀንሱት ድምፁ ግሩም ይሆናል።

አዲሶቹ ብሎኬት ቤቶች ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ስላላቸው ይጮኻሉ። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ብዙ ይረዳል። ቺፑድ ኮርኒስ ከሆነ ሰብውፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ ሚስማሩን እናጠብቃለን። ከዚራ ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው። ድምፅ ከላይም የመጣ እንዲመስል ወደ ላይ ተኩሶ ከኮርኒስ የሚመልሰው የዶልቢ አትሞስ ስፒከር ለእንዲህ ዓይነት ቤት አይሆንም። ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ኮርኒስ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን እንምጣ። ሙቀትና መብራት።

የብዙ አምራቾች መመሪያ ዕቃው የሚሠራበት የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው ይላል። የእኛን ግንቦትና ሰኔ ታውቁታላችሁ። ሪሲቨሩ ራሱ ከሚወስደው ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ይህን ዕቃ በመስታወት በተዘጋ የቲቪ ስታንድ ውስጥ ከትቶ፣ በላዩ ላይ ዳንቴል አልብሶ፣ ዲኮደር መጫን ዕድሜውን ማሳጠር ነው። በራሱ እየጠፋ አስቸገረኝ ካሉን ባለቤቶች የብዙዎቹ ችግር ይኸው ሆኖ አግኝተነዋል። ዳንቴሉ ሲነሳ፣ በሩ ሲከፈት፣ አቧራው በብሩሽ ሲጠረግ ችግሩ ጠፋ። ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይኑረው።

መብራቱን በተመለከተ፣ አደገኛዋ ሰዓት መብራት የሚመለስባት ናት። ቮልቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ርካሽ ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር ሰክታችሁ አትተዉት። የራሱ ሶኬት ይኑረው። ኤርዝ መኖሩን እኛ እንለካለን። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስተላልፍ መከላከያ ወይም በቂ አቅም ያለው ስታቢላይዘር እናስገባለን። ይህን የማይፈልግ ደንበኛ ካለ ትልቁን ሪሲቨር አንሸጥለትም። ብሩ የእናንተ ቢሆንም ተቃጥሎ ሲመጣ ማየት ያመናል።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ዕቃ ያላችሁ፣ ሳትሰኩት በፊት ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ እኛ አገር ባለው 220 ሶኬት ላይ በቀጥታ ከገባ ያበቃለታል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይቀይርም። ለ60 ብቻ የተሠራ ዕቃ በ50 ላይ የበለጠ ይሞቃል። ለድሬ አየር ይህ ጥሩ ዜና አይደለም። ታይዋን ገበያ ያገለገለ ዕቃ የምታዩም ይህንኑ አንብቡ። ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ 8ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳልፉ) ሪሲቨሮች መካከል ጌም በ4ኬ 120 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ምስል፣ ሲገባባቸው ስክሪኑ የሚጠቁርባቸው አሉ። ጌም ለሚጫወት ልጅ የምትገዙ ከሆነ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ቤታችሁ የሚታየው ኳስ፣ ዜናና ድራማ ብቻ ከሆነ ትልቁ ሪሲቨር አያስፈልጋችሁም። መካከለኛው ከጥሩ ስፒከር ጋር ይበቃችኋል። ሱቅ መጥታችሁ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ ስሙ።

ቤት መጥቶ ማየቱ ድሬ ውስጥ ነፃ ነው። ለሐረር የትራንስፖርት ብቻ እንጠይቃለን። ቀደም ብላችሁ ከእኛ የገዛችሁም ቤት ከቀየራችሁ ወይም የሳሎኑን ዕቃ ካዘዋወራችሁ ማይኩን ይዘን መጥተን እንደገና እንለካለን፤ ክፍያ የለውም። የሳሎኑን ርዝመት፣ ስፋትና የኮርኒሱን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ፣ ሶኬቱ ያለበትን ግድግዳ ፎቶ አንስታችሁ ብትመጡ ሥራው ይፈጥናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች