ለዓርብ ማታ ዓሣ

ዓለሜ፣ እንዴት ነሽ? ስልክ ላይ «ጾሙ ገባ፣ ዓርብ ዓርብ ምን ላብላቸው?» ብለሽ ስትማረሪ ሳቄ መጣ። ያ ጎማ የሆነው ዓሣ ትዝ አለኝና። ኦቨን ውስጥ 40 ደቂቃ ረስቼው፣ አባትሽ ቃል ሳይተነፍስ እያኘከ፣ አንቺ ደግሞ ድርሻሽን ናፕኪን ሥር ደብቀሽ... ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሳላይ ዓሣ አልጥድም።

መጀመሪያ ግን አትጨነቂ። የእኛ የካቶሊኮች የዓርብ ሕግ ሥጋ አትብሉ ነው እንጂ ዓሣ ብሉ አይልም፤ እኛ የላቲን ሥርዓት ተከታዮች ደግሞ እንቁላልም ወተትም አልተከለከለብንም። ግዴታው ራሱ ከ14 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ትንሿ የትናንቱን ዶሮ ብትጨርስ ማንም አይቆጣትም። ሎብስተር ገዝቶ ጾምኩ ማለትም ይቻላል፣ እኔ ግን ያሳፍረኛል።

በረዶ የሆነውን ዓሣ ሐሙስ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂው፣ ጠረጴዛ ላይ ጥለሽው እንዳትሄጂ። ዓርብ እሾህ እንዳለው በጣትሽ ዳብሺው፣ ከዚያ በሶፍት ደህና አድርገሽ አድርቂው። አደራ ይህቺን አትዝለይ! እርጥብ ዓሣ መጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፣ ይጣበቃል፣ ዘይቱም እጅሽ ላይ ይፈናጠራል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ስስ ዱቄት፣ በደንብ የጋለ ዘይት፣ ቆዳው ወደ ታች። ከዚያ አትነካኪው። አንቺ መቼም እጅሽ አያርፍም፣ አውቅሻለሁ፤ ግን ሲጠበስ ራሱ ይለቃል፣ ካልለቀቀ ገና ነው ማለት ነው።

በኦቨን ከሆነ ወፍራሙ ቦታ ላይ ለኪው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ 220 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፣ ቀጭኑ ከዚያም ያንሳል። ሹካ ስታስነኪው ከተፈረፈረና ውስጡ ነጭ ከሆነ በስሏል፤ ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት ትንሽ ይበስላል። ሎሚው ያኔ ነው የሚጨመቀው።

ወንዱ ልጅሽ ዓሣ ሲያይ ፊቱን ያዞራል አልሽኝ? 2 ቆርቆሮ ቱና ውኃውን ጨምቀሽ ከተፈጨ ድንች፣ ከ1 እንቁላልና ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር አሽተሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ጥበሺለት። ምን እንደሆነ አትንገሪው።

ዓርብ ማታ ደውይልኝ። መጀመሪያ ግን ከእሳቱ አውርጂው።

እናትሽ