ከአንቺ የመጣችው ቁልቋል ዘር ሰጠች

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ጓደኛዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ዓመት አለፈ። በዚያን ጊዜ እናቴ ታማብኝ ስለ ነበር መልስ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ፤ እርሷ ከዳነች በኋላ ደግሞ ዕፍረቱ ያዘኝና ዛሬ ነገ እያልሁ ይህን ያህል ዘመን ዝም አልሁሽ። ከልቤ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

በዚያ ደብዳቤ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ወደ ባሕር ዳር ስትዛወሪ በዘይት ጣሳ ተክለሽ የሰጠሽኝ ቁልቋል አበባዋ እንዲያ እያማረ ፍሬ የማትይዘው ስለ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ የምመልስልሽ አልነበረኝም፤ ዘንድሮ ግን መልሱን በእጄ ይዤዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በታጠፈው ወረቀት ውስጥ የምታገኚያቸው ጥቋቁር ቅንጣቶች እርሱ ናቸው።

ቁልቋሏ ኤኪኖፕሲስ ኦክሲጎና ትባላለች፤ ኤኪኖፕሲስ የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ጃርት መሰል ማለት ነው። የትውልድ አገሯ ደቡብ ብራዚል፣ ኡራጓይ፣ ፓራጓይና ሰሜን ምሥራቅ አርጀንቲና ነው። አበባዋን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ጠጉር የለበሰው እምቡጥ ከጎኗ ወጥቶ ቀስ እያለ ይረዝምና በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ድንገት ይመዘዛል፤ ምሽት ላይ ፈክቶም በማግሥቱ ፀሐይ ስትበረታ መጠውለግ ይጀምራል። በአገሯ እንደዚህ ያለውን አበባ የሚጎበኙት ረጅም ምላስ ያላቸው የሌሊት የእሳት እራቶች ናቸው። የእኔ በረንዳ በመስታወት የተዘጋ ስለ ሆነ ችግሩ የነፍሳት እጦት ብቻ መስሎኝ ሦስት ዓመት ሙሉ በስዕል ብሩሽ የራሷን ብናኝ፣ ማለት ነፍሳት ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱትን የወንዴ ዱቄት፣ ለራሷ ስቀባት ኖርሁ። በየጊዜው ግን አበባው ከነዘንጉ ቢጫ ሆኖ በሳምንቱ ይረግፍ ነበር።

በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ እንደ እርሷ ያሉ ቁልቋሎች አብዛኞቹ የራሳቸውን ብናኝ አይቀበሉም። ብናኙ በሴቴው ክፍል ጫፍ ላይ ካረፈ በኋላ ቀጭን ቱቦ እያበቀለ ወደ ታች ወርዶ እንቁላሎቹ ካሉበት መድረስ አለበት፤ በዚች ቁልቋል መንገዱ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ተክሏ ግን ብናኙ የራሷ መሆኑን ታውቅና ጉዞውን ታስቆመዋለች። በዚህም የተነሣ በአንድ ተክል ላይ ያሉ አበቦች ሁሉ፣ አሥርም ቢሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ምንም ሊጠቃቀሙ አይችሉም።

ይህን ካወቅሁ በኋላም አንድ ዓመት አባከንሁ። ያቺ ጉርድ ሾላ ያለችው ወዳጃችን ከአንቺ የወሰደችው ተመሳሳይ ቁልቋል አላትና ሁለቱ በአንድ ሌሊት ሲያብቡ ብናኛቸውን አለዋወጥኋቸው፤ አሁንም አበቦቹ ረገፉ። ለካ ሁለቱም ከአንቺ ተክል ሥር የወጡ ልጆች ናቸው፤ ከጎን ተገንጥሎ የተተከለ ሁሉ፣ በየቤቱ ቢበተንም፣ በባሕርይው ያው አንድ ተክል ነው። የሚያስፈልገኝ ከሌላ ዘር የበቀለ ነበር። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ካለው ቁልቋል ብናኝ እንድወስድ በቅንነት መክረውኝ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው የአገራችን ቁልቋል በስም ካልሆነ በቀር ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዷስ በለስ ነው፤ እርሱም ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ሆኖም በለስም ቢሆን ለእርሷ በጣም ሩቅ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከአንድ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ኤኪኖፕሲስ አይሪየሲ የምትባለውን፣ አበባዋ ነጭ የሆነውን የቅርብ ዘመዷን አገኘሁ። ከዘር ያበቀላት እርሱ ራሱ መሆኑን ሲነግረኝ ደስታዬ እጥፍ ሆነ፤ ምክንያቱም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 በወጣ ጥናት ከቁልቋል ዝርያዎች 31 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው ተገልጿል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ሰዎች ከዱር እየነቀሉ መሸጣቸው ነው። በቤት ውስጥ ዘር ማፍራትን ከልብ የያዝሁትም በዚህ የተነሣ ነው።

ነጯ በመጋቢት መጀመሪያ፣ የአንቺዋ ከስድስት ቀን በኋላ አበቡ። ያን ስድስት ቀን እንዴት እንደ ተሻገርሁት ልንገርሽ። ነጯ በፈካችበት ምሽት ብናኝ የተሸከሙትን ጭራዎች በወረንጦ እየቆረጥሁ በንጹሕ ወረቀት ላይ አደረቅኋቸው፤ ከዚያም በወረቀቱ ጠቅልዬ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከምትገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በትንሽ ብልቃጥ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ብናኝ የሚፈራው እርጥበትን ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ያንቺዋ በፈካችበት ምሽት ብልቃጡን አውጥቼ፣ ቅዝቃዜው እስኪለቅ ሳልከፍት ጠበቅሁ፤ አለበለዚያ ከአየሩ የሚመጣው ጤዛ ያበላሸዋል። የሴቴው ክፍል ጫፍ እንደ ትንሽ እጅ ጣቶቹን ዘርግቶ ሲያጣብቅ በአዲስ ብሩሽ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ቀባሁት፤ ጠዋት ሳይጠወልግ ደግሜ ቀባሁት። በአበባው ሥር ቀይ ክር አሰርሁና በደብተሬ ላይ የእናቲቱን ስም አስቀድሜ፣ ብናኝ የሰጠችውን አስከትዬ ጻፍሁ፤ ሥርዓቱም እንደዚሁ ነው።

አበባው በሦስተኛው ቀን ደረቀ። በሳምንቱ ግን አልወደቀም፤ በአሥረኛው ቀን ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ሲያብጥ ሳየው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ይህን ብነግርሽ እንደምትረጂኝ አውቃለሁ። ፍሬው የድንቢጥ እንቁላል ከሚያህል ጥቂት በልጦ፣ በግንቦት አጋማሽ በጎኑ ተሰንጥቆ ነጭ ሥጋው ታየ። ቶሎ ካልተለቀመ ጉንዳን ስለሚወስደው በዚያው ቀን ቆረጥሁት፤ በውኃ አሽቼ በሻይ ወንፊት አጠብሁት፤ ዘሩንም በጥላ ውስጥ በወረቀት ላይ አደረቅሁት። ስቆጥራቸው 412 ሆኑ።

ሃምሳውን እዚሁ ዘርቻለሁ። በአሸዋና በደቃቅ ጠጠር ላይ በትኜ አፈር ሳላለብሳቸው ጣሳውን በላስቲክ ሸፈንሁት፤ ብርሃን እንዲያገኙ ግን ቀጥታ ፀሐይ እንዳያርፍባቸው አድርጌ መስኮት አጠገብ አስቀመጥሁት፤ በዘጠነኛው ቀን የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህሉ አረንጓዴ ኳሶች ብቅ አሉ። እስኪያብቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት መጠበቅ ይኖርብኛል። አበባቸው ነጭ ይሁን ሮዝ ወይም ከሁለቱ መካከል፣ ያን ጊዜ እናየዋለን። ከሁለት ዝርያ የተወለዱ ድቅል ስለ ሆኑ ለማንም ስትሰጪ ይህንኑ ንገሪ፤ ንጹሕ ዝርያ ነው ተብሎ የተሰጠ ድቅል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የዝርያውን ስም ያጠፋዋል።

ለአንቺ አንድ መቶ ልኬልሻለሁ፤ እዚያ ሙቀቱ ከእኛ ስለሚሻል ቶሎ ሳይበቅሉ አይቀሩም። እናቲቱ ቁልቋል እስካሁን አብራሽ ካለች በሚቀጥለው አበባዋ ጊዜ ጻፊልኝ፤ የነጯን ብናኝ በደረቅ ብልቃጥ አድርጌ በአውቶቡስ እልክልሻለሁ። ከሥሯ ያወጣሻቸውን ልጆች ለማን ለማን እንደ ሰጠሽም ንገሪኝ፤ ያው አንድ ተክል የሆኑትን ከሌላ ዘር ከበቀሉት ለመለየት ይጠቅመኛል።

እናቴ ሰላም ብላሻለች። ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ።

ናፋቂሽ እህትሽ