አባባ፣ ስለዚያ ስልክ

ይድረስ ለአባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አባባ፣ በ2014 ጥቅምት ደሴ ልትያዝ ስትል በስልክ የተናገርኩዎት ነገር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ኩላቡ ላይ ዳዊትዎ በማኅደሩ፣ ከጎኑ ክላሹ እንደተሰቀለ እማማ ስትነግረኝ ጊዜ ደሜ ፈላ፣ "እግዚአብሔር ከተማን ካልጠበቀ ጠባቂ በከንቱ ይተጋል የሚለው እኮ እራሱ ዳዊት ነው፣ ታዲያ ጠመንጃው ምንዎ ነው" ብዬ ጮህኩብዎት። አንቱ ደግሞ ረጋ ብለው "እጆቼን ሰልፍ የሚያስተምር ያለውስ ማነው?" አሉኝና ኔትወርኩ ጠፋ። ስንት ሳምንት ድምፅዎን ሳልሰማ ያቺን ቃል ይዤ ተቀመጥኩ።

እውነትዎን ነው፣ መዝሙር 126ም 143ም አንድ ዳዊት ውስጥ ናቸው። ነህምያም ምዕራፍ 4 ላይ ጸልየው ዘብ አቆሙ ይላል፣ በአንድ እጅ እየሠሩ በአንዱ መሣሪያ ይዘው። የከበደኝ ግን ሉቃስ 22 ነው አባባ፣ ጌታ በአንድ ሌሊት ልብሳችሁን ሽጣችሁ ሰይፍ ግዙ ይላል፣ ሁለት አለ ሲሉት ይበቃል ይላል፣ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሲመዘው ደግሞ ተዉ ብሎ የተቆረጠውን ጆሮ ዳስሶ ይፈውሳል። ለጦርነት ቢሆን ኖሮ ለአስራ አንድ ሰው ሁለት ሰይፍ ምን ይበቃል? እኔ እንጃ፣ የገባኝ እስከዚህ ነው።

1ኛ ሳሙኤል 15 ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። አማሌቅን ጡት የሚጠባውን ሳይቀር ግደል የሚለውን። ምሳሌ ነው የሚሉኝ አሉ፣ እኔ ግን ልጄን አቅፌ ሳነበው ያመኛል፣ አመመኝ ማለት ደግሞ እምነት ማጣት አይመስለኝም።

ባለፈው እማማ ያኔ የሆነውን ነገረችኝ። ከሼሁ ጋር እየተፈራረቃችሁ ሰፈር ስትጠብቁ አንድ የቆሰለ ልጅ አጥራችን ስር ወድቆ አግኝታችሁ፣ የማን ወገን ነህ ሳትሉ፣ ክላሹን ለሼሁ አቀብለው ቁስሉን በጨው ውሃ አጠቡለት አሉ። ለምን አልነገሩኝም አባባ? እኔ ስጮህብዎት አንቱ ዝም።

ይቅር ይበሉኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ መነጽርዎን ቀይሬ ይዤልዎት፣ ያንን ሳሙኤልን አብረን እናነበዋለን፣ ቡናው ላይ ሼሁም ይኑሩ።

ልጅዎ