ስለ ሄጉ ባንድ ልጻፍልህ

ውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጻፍ ያቆመው ማን እንደሆነ አልከራከርህም፤ የምከራከርህ በሌላ ነገር ነው። ባንዳችሁ መበተኑን ከሰው ሰማሁ። ሁለቱ ልጆች አሜሪካ ስለቀሩ ክላርኔትህን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈህበታል አሉ።

በቅርቡ እዚህ ሆላንድ ውስጥ ደች ስዊንግ ኮሌጅ ባንድ የሚባለውን ለማየት ሄጄ ነበር። ድሮ በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይጫወቱት የነበረውን ጃዝ የሚጫወት የሄግ ባንድ ነው። የልደት ቀኑን ስትሰማ ትስቃለህ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ነው! በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1945፣ ሆላንድ ከናዚ ጀርመን ነጻ የወጣችበት ዕለት። እኛ የድል በዓል የምንለው ቀን መሆኑ ነው። ጀርመኖች ጃዝን የጥቁርና የአይሁድ ሙዚቃ ነው ብለው ይጠሉትና ይከለክሉት ነበር። ከነጻነቱ በፊት በነበሩት የብርድና የረሃብ ወራት ደግሞ የሄግና የአምስተርዳም ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደርሷል። ባንዱን ያቆሙት ከዚያ ረሃብ የተረፉ ወጣቶች ናቸው።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ዋናው ሰው ፒተር ስኺልፐሮርት እንዳንተ ክላርኔት ተጫዋች ነበር፤ ሙያው ግን ምሕንድስና ነው። በ1955 ባንዱን ትቶ ወደ ሙያው ሄደ። ምን ሆነ መሰለህ? አልፈረሰም። በሌላ መሪ ቀጠሉ፤ እሱም በ1959 ተመልሶ መጣ። ከ1960 ጀምሮ ነው ሙዚቃውን እንጀራቸው ያደረጉት። ስኺልፐሮርት በ1990 ሲሞት፣ ከ1967 ጀምሮ አብሮት የነበረው ቦብ ካፐር ተረከበ፤ እሱም ክላርኔት ተጫዋች። እንደ ዕድር ነው፤ አባል ይሞታል፣ ሌላ ይተካል፣ ድንኳኑ ግን አይሸጥም። እናንተ ሁለት ሰው ሲጎድል ድንኳኑን አጠፋችሁት።

ዝግጅቱስ? መድረኩ ላይ የኖታ ወረቀት ብዙም አይታይም። ትሮምፔቱ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ክላርኔቱ ከላይ ይጠመዘዛል፣ ትሮምቦኑ ከሥር እየተንሸራተተ ያጅባል፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ እየፈጠሩ አይጋጩም። ትሮምቦን ተጫዋቹ ተራው እስኪደርስ ድረስ ከመሣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ እግሩ ሥር ባነጠፈው ጨርቅ ላይ ቀስ አድርጎ ያንጠባጥባል፤ ከዚያ ብድግ ብሎ አዳራሹን ያናውጠዋል። ተመልካቹ ጨዋ ነው፤ ግን ከአራቱ ምት በአንድና በሦስት ያጨበጭባል። ይህ ሙዚቃ የሚፈልገው በሁለትና በአራት ነው! ከበሮ መቺው ሊያርማቸው በሁለትና በአራት ጠበቅ አድርጎ ይመታል፤ እነሱ ወይ ፍንክች።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በኒው ኦርሊንስ ጥቁሮቹ ሬሳውን በዝግታ መዝሙር ይሸኙና ከቀብር ሲመለሱ በጭፈራ ይመለሳሉ። ያንኑ የቀብር ዜማ ሲጫወቱ ዙሪያዬን አየሁ፤ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ብቻ፣ ጥቁር ደግሞ ከእኔ ሌላ የለም። የአንተ የድሮ ቃል ትዝ አለኝ፤ «የሰው ለቅሶ ተውሶ ማልቀስ» ትል ነበር። ግማሽ ልቤ አሁንም ከአንተ ጋር ነው። ግማሹን የወሰደው ክላርኔቱ ነው። ሰውየው ወደ ታችኛው ድምፅ ወርዶ፣ ሳይጮኽ፣ ያንን መዝሙር ብቻውን ሲያነሣው ከየት አገር እንደመጣ መጠየቄን ተውኩ። ደግሞስ ሲድኒ ቤሼ ራሱ፣ ጥቁሩ ክላርኔት ተጫዋች፣ የኒው ኦርሊንስ ልጅ፣ በ1951 ከእነዚሁ ሆላንዳውያን ጋር ሸክላ ቀርጿል። እሱ ካልተጠየፋቸው እኔ ማን ነኝ? አንተ ግን ምን እንደምትል መስማት እፈልጋለሁ፤ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ ቁጣህም ናፍቆኛል።

ከበሮ መቺያችሁና ባስ ጊታሩ አዲስ አበባ አሉ አይደል? ሦስት ሰው ለመጀመር ይበቃል። በታኅሣሥ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለኝ፤ ለክላርኔትህ አፍ ሪድ (ሸምበቆውን) እልክልሃለሁ። ድሮ የምትጠቀመው ቁጥር ሁለት ተኩል ነበር ወይስ ሦስት? ዕቃው ከመታሸጉ በፊት ጻፍልኝ።

ወንድምህ