ቀዩ ቆብ

ሞዴና፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤ ደብረ ሲና።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። የእማዬ ጉልበት ከክረምቱ ብርድ በኋላ እንዴት እንደሆነላት ይንገሩኝ። እኔና ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የማስታምማቸው ሽማግሌም ደኅና ናቸው።

ብዕር ያነሣሁት ለእንቁጣጣሽ የላክሁትን የልጁን ፎቶ አይተው በስልክ የተናገሩት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ ነው። "በቆቡ ላይ ያለው ፈረስ የማን ነው?" አሉኝ፤ ፎርሙላ ዋን በሚባለው ውድድር የሚሮጠው የፌራሪ፣ የቀዩ የጣሊያን እሽቅድምድም መኪና ምልክት ነው ብልዎ ጥቂት ዝም ብለው፣ "እንግዲህ የአርበኛ ዘር ለጣሊያን ያጨበጭባል በይኛ" አሉና ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። በስልክ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሳትቸኩል ታንብብልዎ።

ቁጣዎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አያቴ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በዱር የከረሙ ሰው ናቸው፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. እንዴት እንደተጨፈጨፉ፣ በዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ በ1931 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝና በጥይት እንዴት እንዳለቀ ከእርስዎ አፍ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህንንም ለልጁ ነግሬዋለሁ፤ እኔ ካልነገርሁት እዚህ ማንም አይነግረውም። እኔ ልነግርዎ የፈለግሁት ግን ቀዩ መኪና እርስዎ እንዳሰቡት ሙሉ በሙሉ የጣሊያን ለመሆኑ እኔም እርግጠኛ መሆን እንዳቃተኝ ነው።

ድሮ ቢሆን ኖሮ ቃልዎ ልክ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የእንግሊዝ መኪና አረንጓዴ፣ የፈረንሳይ ሰማያዊ፣ የጀርመን ነጭ ኋላም ብርማ፣ የጣሊያን ቀይ ሆኖ ይሰለፍ ነበርና ተመልካቹ ከሩቅ ሲያይ የሚያየው መኪና ሳይሆን አገር ነበር። በፈረንጆቹ 1968 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) የእንግሊዙ የሎተስ ቡድን በሲጋራ ድርጅት ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ያ ልማድ ፈረሰ፤ ፌራሪ ግን በቀይነቱ ጸና። ከዚያ አስቀድሞ እንኳ በ1964 የፋብሪካው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ከገዛ አገራቸው የአውቶሞቢል ማኅበር ጋር ተጣልተው፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ በተደረጉት የዓመቱ መጨረሻ ውድድሮች መኪኖቻቸውን ሰማያዊና ነጭ ቀብተው አሰልፈዋል። ሜክሲኮ ላይ በዚያ ቀለም የዓለም ሻምፒዮን የሆነውም ጆን ሰርቲስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እኛ ዘንድ ያኮረፈ ሰው ይሸፍታል፤ እሳቸው ቀለም ለወጡ።

ሾፌሮቹን ደግሞ ይመልከቱልኝ። በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጨረሻው ጣሊያናዊ አልቤርቶ አስካሪ ሲሆን ያሸነፈውም በ1952 እና በ1953 ነው። ከእሱ ወዲህ ቀዩን መኪና ለዘውድ ያበቁት ሁሉ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ከእነሱም አንዱ በ1979 ያሸነፈው ጆዲ ሼክተር የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ አፍሪካ ከእሱ ሌላ ሻምፒዮን የላትም። ከሼክተር በኋላ የፌራሪ ሾፌር ዘውዱን ሳያገኝ 21 ዓመት ቆይቶ፣ ሚካኤል ሹማከር የሚባል ጀርመናዊ መጥቶ ከ2000 እስከ 2004 አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደው። በዚያ ጊዜ የቡድኑ አለቃ ፈረንሳዊ፣ የምሕንድስናው ኃላፊ እንግሊዛዊ፣ የመኪናው ነዳፊ ደቡብ አፍሪካዊ ነበሩ። ከውድድር በኋላ በሽልማቱ መድረክ መጀመሪያ የሾፌሩ አገር መዝሙር፣ ቀጥሎ የቡድኑ አገር መዝሙር ይዘመራል፤ ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የጣሊያን ሕዝብ የጀርመንን መዝሙር ቆሞ አዳምጦ የራሱን ተራ ይጠብቅ ነበር።

ሌሎቹ ቡድኖች ከዚህም የባሰ ግራ ያጋባሉ። መርሴዲስ ሲያሸንፍ የጀርመን መዝሙር ይሰማል፤ መኪናው የሚሠራው ግን እንግሊዝ አገር ብራክሊ በምትባል ከተማ ነው። ሬድ ቡል የኦስትሪያ ተብሎ ተመዝግቦ የሚኖረው እዚያው እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ነው። ፎርስ ኢንዲያ የሚባልም ነበረ፤ የሕንድን ስምና ባንዲራ ይዞ ከ2008 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲወዳደር አንድም ሕንዳዊ ሾፌር አሰልፎ አያውቅም፤ ፋብሪካውም ሲልቨርስቶን ነበር። የቡድንን ዜግነት የሚወስነው የውድድር ፈቃዱን የሰጠው አገር የአውቶሞቢል ማኅበር እንጂ ብረቱ የተቀጠቀጠበት ቦታ አይደለም። ባንዲራን ብቻ የሚሻ ውድድርም ተሞክሮ ነበር፤ ኤ-ዋን ግራንድ ፕሪ ይባላል፤ አንድ ዓይነት መኪና ለየአገሩ ቡድን ታድሎ ሾፌሩም የዚያው አገር ልጅ እንዲሆን ታዝዞ ነበር። በ2005 ተጀምሮ በ2009 ቆመ። ገንዘብ አልቆበት ነው ይላሉ። እኔ ግን ሰው የሚወደው ስም ስላልነበረውም ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የማስታምማቸው ሽማግሌ ያጫወቱኝ ነው። ልጁ ኖኖ ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው፤ በዚህ ደግሞ አይቀየሙኝ። በ1983 ከዚህ ብዙም በማይርቀው በኢሞላ ሜዳ ተገኝተው ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ሪካርዶ ፓትሬዜ የሚባል የገዛ አገራቸው ልጅ በእንግሊዝ ቡድን መኪና የፌራሪውን ፈረንሳዊ ፓትሪክ ታምቤን ቀድሞት መሪ ሆነ። ወዲያው ግን ፓትሬዜ መንገድ ስቶ ከዳር አጥሩ ጋር ተላተመ፤ በዚያን ጊዜ ሜዳውን የሞላው የጣሊያን ሕዝብ በእልልታ ተነሣ። የወገናቸው ልጅ ከመኪናው ሲወርድ እያዩ ፈረንሳዊው ስላለፈላቸው ይጨፍሩ ነበር። "እርስዎስ?" አልኋቸው። ቡናቸውን ቀስ ብለው ጨርሰው፣ "እኔማ ከሁሉ በላይ ጮኽሁ" አሉኝ፤ አፍረውበት እንደሆነ ፊታቸው አልነገረኝም። ቲፎዞ የምንለው ቃል የእነሱ ነው፤ በቋንቋቸው ተስቦ የያዘውንም ሰው እንዲሁ ብለው ይጠሩታል። በሽታው የሚይዘው ለመኪናው እንጂ ለባንዲራው እንዳልሆነ እኔ ከሳቸው ተረዳሁ።

እኛ የለመድነው ሌላ ነው፤ ሯጭ አገሩን በእግሩ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። አበበ ቢቂላ፣ የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ያን ጊዜ እዚያ ተተክሎ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ እግሩ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ግን እዚያም ቢሆን ነገሩ ተደባልቋል። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ሲፋን ሐሰን ትግስት አሰፋን ቀድማ ስትገባ እርስዎ በአንድ በኩል "ያው የኛ ልጅ ናት" ሲሉ፣ በሌላው በኩል የሆላንድን ባንዲራ አይተው ፊትዎን ሲያዞሩ እማዬ ነግራኛለች።

ወደ ልጁ ልመለስ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ወላጁ የውጭ ዜጋ ስለሆነች በሕጋቸው 18 ዓመት ሳይሞላው ዜግነት መጠየቅ አይችልም፤ መታወቂያው እንደ እኔ የውጭ ሰው ነው። ቀዩ ቡድን ግን ፈቃድ አልጠየቀውም። በ2025 ደግሞ ሉዊስ ሃሚልተን፣ በዚህ ውድድር ታሪክ ብቸኛው ጥቁር ሾፌር፣ ወደ ፌራሪ ሲመጣ ልጁ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዶ እጁን ከእጁ ጋር አስተያየ። ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አልጠየቅሁትም። ኖኖን ያሳሰባቸው ዕድሜው ነው፤ "40 ዓመት ለዚህ ሥራ ሽማግሌ ነው" እያሉ ያጉረመርማሉ።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። በ2024 በጣሊያኑ የሞንዛ ውድድር የፌራሪው ሻርል ለክሌር አሸንፎ በመጀመሪያ የትውልድ አገሩ የሞናኮ መዝሙር፣ ቀጥሎም የጣሊያን መዝሙር ሲዘመር ኖኖ ከወንበራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ልጁም ከእሳቸው ጋር ቆሞ ዘመረ። እኔ ድስቱ ሳያር ላማስል ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ድስቱ አልተጣደም ነበር። ፋብሪካው ባለበት በማራኔሎ ፌራሪ ባሸነፈ ቁጥር የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፤ ቦታው ከዚህ 20 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ ልጁ መስኮት ከፍቶ ያዳምጣል፤ በእውነት ይሰማው አይሰማው አላውቅም። በ2025 ሞንዛ ላይ ሆላንዳዊው ማክስ ቨርስታፐን ስላሸነፈ መስኮቱ ተዘግቶ ዋለ።

እርስዎስ ቢሆኑ፣ አባዬ? 30 ዓመት ጣርማ በርን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት በጣሊያን ሠራሿ የጭነት መኪና በፊያት ኤንትሬ ነው። ዋሻውን ሲያልፉ የሠሩትን ጣሊያኖች እየረገሙ፣ ከዋሻው ሲወጡ ደግሞ "ይህች ፊያት ባትኖር ማን ይህን ዳገት ይወጣው ነበር" እያሉ መሪዋን ሲመቱ አጠገብዎ ተቀምጬ አይቻለሁ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ እያሉ ያስተማሩኝን ቃላት እዚህ ስመጣ ሳልማር አወቅኋቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ተናግሬያቸው ኖኖ በሣቅ ፈርሰዋል። ፊያት በ1969 የፌራሪን ግማሽ ድርሻ ገዝቶ ስለነበር ልጁ፣ "ስለዚህ የአባባ ኤንትሬ የፌራሪ አጎት ናት" ይላል፤ ኋላ ሁለቱ ድርጅቶች እንደተለያዩ ብነግረውም አይቀበለኝም።

ቆቡን አውልቅ ብዬ አላዘዝሁትም፤ እርስዎ ካዘዙ ግን እነግረዋለሁ። ኖኖ ደግሞ ኤንትሬዋ አሁንም በግቢዎ መኖሯን ሲሰሙ ፎቶዋን ካላየሁ ብለዋል። የእህቴ ልጅ ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ፣ ፊያት የሚለው ጽሑፍ እንዲታይ ከፊት በኩል ታንሣልኝ፤ እርስዎም ከጎኗ ይቁሙ።

ልጅዎ